ጋሼ በላቸው ማርያምን የጠሩ ዕለት

የባለቤቴ የደምሴ መርዶ የደረሰኝ ዕለት በሩ የተንኳኳው ገና ሳይነጋ ነበር። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ማንም ያውቃል። ተነሥቼ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፍኩና ሳልከፍት ቆምኩ። ከሳንቃው ወዲያ ብዙ እግር ይሰማኛል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው «እሽ» ብሎ ዝም አሰኘው። ካልከፈትኩት የሆነው እንዳልሆነ ይሆናል ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም። በመጨረሻ የጎረቤቴ የእትዬ በለጡ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ክፈቺው፤ እኛው ነን» አለኝ።

ደምሴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአሰብ ሲመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ መንገድ ስቶ ገደል ገባ። የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም።

ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ይላል። የኔ አፍ ግን አልተንቀሳቀሰም። እኔ ማመን እምቢ ያለኝ ሰው ነኝ። ወድጄ ወይም ንቄ አይደለም፤ ስሞክረው ባዶ ቤት ውስጥ የማወራ ይመስለኛል። ደምሴ ይህን ያውቅ ነበር። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ያማትብና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አንቺ ስሜን ጥሪና ደህና ግባ በይኝ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ይለኝ ነበር።

አሁን አርባው ሊደርስ ነው። ሰው ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ፍርሃት ይይዘኛል። እሱ ሲለምነው የኖረው ነገር እውነት ቢሆንና የኔ ዝምታ ቢጎዳውስ እላለሁ። ደግሞ ያላመንኩበትን ቃል በስሙ ብናገር በሙት መቀለድ ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ። በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል ሆኜ ሳለ ነው ጋሼ በላቸው ትዝ ያሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን መርካቶ፣ ጭድ ተራ፣ ከአንድ ትልቅ የድርቆሽ መጋዘን ፊት ለፊት ነበር፤ የሚለየን ጠባብ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። አባቴ ከሱሉልታ በአህያ ድርቆሽ እያመጣ ለባለጋሪዎች ያከፋፍላል፤ እናቴ አስካለ በጆንያ ጭድ ትሸጣለች። ያኔ የከተማው ሰው የሚሄደው በጋሪ ስለነበር የፈረሱ ቀለብ የሚመጣው ከኛ ሰፈር ነው። ሁላችንም ተኝተንም ተነሥተንም የምንፈራው እሳት ነበር። ማታ ከድርቆሽ አጠገብ ክብሪት የጫረ ሰው፣ ሹምም ቢሆን፣ ሳይሰደብ አያልፍም። በየቤቱ እራት የሚበስለው በር ተዘግቶ፣ ውኃ በባልዲ ተቀምጦ ነው።

በዚያ ሰፈር ከቤት ውጭ ፍም እንዲያነዱ የተፈቀደላቸው ጋሼ በላቸው ብቻ ነበሩ። የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። ምን አለሽ ተራ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ማንደጃ ነበረቻቸው፤ ከበሩ ፊት መሬቱን በውኃ አርሰው ያስቀምጧትና አሮጌ ካፖርታቸውን ለብሰው ከጎኗ ይቀመጣሉ። ፋኖሱ ከበላያቸው ተሰቅሎ በነፋስ ሲወዛወዝ የፊታቸው ጥላ አንድ ጊዜ ይረዝማል፣ አንድ ጊዜ ያጥራል። እኛ ልጆች የከሰሉን ጭስ እያሸተትን፣ የድርቆሹ ሽታ ከኋላ እየመጣብን፣ ክብ ሠርተን እንሰማቸዋለን። ስለ አውሬ ተረት እምብዛም አያወሩም። «አንድ ሰው ነበረ» ብለው ይጀምራሉ። «የት?» እንላለን። «እዚያ ማዶ» ይላሉ በአገጫቸው ጨለማውን እያሳዩ፤ ሁላችንም ዘወር ብለን ማየት እንፈራለን።

ከተረታቸው ይልቅ ግን እሳቸውን እንፈራቸው ነበር። ጋሼ በላቸው አይጸልዩም። የራጉኤል ደወል ሲሰማ ሰዉ ያማትባል፤ አዛን ሲወጣ ጆንያ ነጋዴዎቹ ተነሥተው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። አንድ ቀን አንድ ተሸካሚ፣ «ጋሼ በላቸው፣ ወዲህም ወዲያም ካልሄዱ ወዴት ሊገቡ ነው?» አላቸው።

«እናንተ ሁላችሁ ከሄዳችሁ ድርቆሹን ማን ይጠብቅ?» አሉት።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መብረቅ ይወርድባቸዋል ብዬ ሰማዩን ነበር የማየው። በልጅነታቸው ከጎጃም የቆሎ ተማሪ ሆነው ወጥተው ዜማ ተምረዋል ይባላል። ኋላ በአንድ ክረምት ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ወረርሽኝ ወሰደባቸው። ስለዚያ ሲናገሩ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጠራሁ፤ አልመለሰም፤ እኔም መጥራቱን ተውኩ» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

አንድ ማታ ነጎድጓድ ሲያጓራ እናቴ ስታማትብ፣ እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ፣ «ጋሼ በላቸው መብረቅ የማንንም ኃጢአት አያውቅም፣ ረጅም ዛፍ ነው የሚፈልግ ብለዋል» አልኳት። በማግስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ እመጋዘኑ በር ድረስ ሄደች። ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቦዩን ስትሻገር ተሸካሚው ደገፋት።

«ጋሼ በላቸው፣ እርስዎ ለራስዎ የወደዱትን ይሁኑ። የልጄን አፍ ግን አያበላሹብኝ።»

«እሺ፣ አስካለ።»

«እሺ ይሉኛል ደግሞ። ከሃዲ።»

ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ በላቸው ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እመጋዘኑ በር እንዳልደርስ ተከለከልኩ።

እናቴን ምጥ የያዛት በዚያው ክረምት ነው። አባቴ ሱሉልታ ሄዶ ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶበት አልተመለሰም። የሰፈሩ አዋላጅ እትዬ ሙሉ ከትናንት ጀምራ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። መጀመሪያ ሲሉት ዘፈን ይመስል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሊመሽ ሲል ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነ። የእናቴም ጩኸት ተለወጠ። ሲጮኽ የነበረው እሷ ሳትሆን ከውስጧ ሌላ ነገር የሚጮኽ መሰለኝ። አንዷ ሴት አየችኝና፣ «ይቺን ልጅ አውጧት» አለች። ወጣሁ። የምሄድበት አጣሁ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር፤ ማዶ የማንደጃዋ ፍም ይታየኛል። ሄጄ ከቦዩ ወዲህ ቆምኩ።

ጋሼ በላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «እናትሽ እዚህ በር እንዳትደርሺ ብላሻለች።»

«ከቤት ውጪ አሉኝ» አልኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ተነሡ። ማንደጃዋን በጨርቅ ይዘው፣ በርጩማቸውን በብብታቸው አድርገው፣ ቦዩን ተሻግረው እኔ የቆምኩበት አስቀመጧቸው። «ይሄ በር አይደለም፤ ቁጭ በይ» አሉኝ። ከዚያ ጩኸቱን እንዳልሰማ ይሁን ወይም እሳቸውም እንዳይሰሙት እንጃ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወንድሙ ደግሞ ከገደሉ ማዶ ይኖራል። ለመገናኘት ወርዶ መውጣት የሁለት ቀን መንገድ ስለሆነ ማታ ማታ ይጠራራሉ። ይሄ፣ አለህ ወይ? ይላል። ያ፣ አለሁ ይላል። በቃ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ገብተው ይተኛሉ። አንድ ማታ ይሄኛው ቢጠራ መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። የለም። በማግስቱም የለም። ሰው መጥቶ፣ ወንድምህ ሞቷል፤ ተወው አለው። ሰውየው ግን ማታ ሲሆን ወጥቶ መጥራቱን አልተወም። ሚስቱ፣ አበድክ ወይ፣ ማን ሊሰማህ ነው? አለችው…»

እዚህ ላይ ሲደርሱ እትዬ ሙሉ ከሁለት ሴቶች ጋር ከቤታችን ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነበር።

«በላቸው፣ ተነሥ» አለች። በዕድሜ እኩያቸው ናት።

«ምን ሆናችሁ?»

«አስካለን የያዛት ነገር አለ። የተጣላቻቸውን ሁሉ አስጠርተን ይቅር አሰኘን። ጠላ ሻጯም መጥታ ፈታቻት። የቀረኸው አንተ ነህ። ከሃዲ ብላሃለች፤ ና ፍታት።»

«እኔ አላሰርኳትም፣ ሙሉ።»

«አንተ አሰርካት አልወጣኝም። ቂም ያስራል።»

«ቂም የለኝም።»

«ከሌለህማ ምን ቸገረህ? በሩ ላይ ቆመህ እግዚአብሔር ይፍታሽ በላት።»

ጋሼ በላቸው ፍሙን አዩ። «የማላምንበትን ቃል ለተጨነቀች ሴት ብላት ማታለል ነው። ሐኪም ቤት ትሂድ። የመጋዘኑን ጋሪ እጠምዳለሁ።»

«ባሏ በሌለበት? በቢላዋ ሊከፍቷት? ሰው ምን ይለናል?»

«ልትሞት ነው እንዴ?» አልኩ። የጠየቅኩት ማንን እንደነበር አላውቅም። ማንም አልመለሰልኝም። ከዚያ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ትልቅ ሰዎች ተሰብስበው ዝም ማለታቸው።

ጋሼ በላቸው አዩኝና ወደ እትዬ ሙሉ ዞሩ። «ካልኳት ጋሪው ላይ ታወጪያታለሽ?»

«በል እንጂ፤ እናያለን።»

«እናያለን አይደለም። አወጣታለሁ በይኝ።»

እትዬ ሙሉ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሺ። አወጣታለሁ።»

ወንድ ወደ ምጥ ቤት አይገባም። ጋሼ በላቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ ፊታቸውን አያለሁ፤ ፍም የረገጠ ሰው ፊት ነበር።

«አስካለ። እኔ ነኝ፣ በላቸው። በኔ በኩል ምንም የለም።» ቆባቸውን ደረታቸው ላይ አስጠጉና ቀጠሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ከውስጥ ቆይቶ የእናቴ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ «እርስዎም አሉት?» አለ።

«አዎ፣ አልኩት።»

ሁላችንም ጠበቅን። እልልታ የምንሰማ መስሎኝ ነበር፤ አልተሰማም። ምንም አልሆነም። አንዷ ሴት ጋሼ በላቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ ቃሉ ከሳቸው አፍ ስለወጣ አልሠራም ማለቷ ነበር። እትዬ ሙሉ ግን ቃሏን ጠበቀች።

ጋሪው ላይ ድርቆሽ ጎዝጉዘው እናቴን አስተኟት። ቁመቴ አጭር ስለነበር እግሯ ሥር ተቀምጬ ፋኖሱን እንድይዝ ተደረገ። እትዬ ሙሉ ከራስጌዋ ሆና ትከሻዋን ያዘች። ጋሼ በላቸው ፈረሱን እየሳቡ ከፊት፣ ሴቶቹ ከጎን ከጎን «ማርያም ማርያም» እያሉ ጉዞ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሴቶቹ ጫማቸውን እየጣሉ ተከተሉን፤ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግን ትንፋሽ አጠራቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። እትዬ ሙሉም ድምፅዋ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡና የጋሪው ጎማ ብቻ ይሰማ ጀመር።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ዝም አሉ» አለች። «ማርያም ትታኝ ሄደች።» ከዚያ ዓይኗን ከደነች። ፋኖሱን ወደ ፊቷ አስጠጋሁት። ፊቷ የሷ አልነበረም።

ያኔ ነው ጋሼ በላቸው ከፊት የጀመሩት። «ማርያም፣ ማርያም።» መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ እንደሚያፍር ሰው። እናቴ፣ «እ» አለች። ፈረሱን እየጎተቱ ዘወር ብለው አዩ። ደግመው ጠሩ፤ አሁን በዜማ፣ በልጅነታቸው በተማሩት፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከአፋቸው ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ። እናቴ፣ «እ» አለች። ጭቃ ውስጥ ገብተው አንድ ጊዜ ሲወድቁና ሲያቋርጡ እሷም አቋረጠች፤ የእናቴ ትንፋሽ ጠፋኝ። ተነሥተው ሲጠሩ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አላቋረጡም። በየመንገዱ ሰው በር እየከፈተ ያየናል። እሳቸው ይጠራሉ፤ እሷ ትመልሳለች። እኔ በሁለቱ መካከል ፋኖስ ይዤ የምቆጥረው ያንን «እ» ነበር።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች በቃሬዛ ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ጋሼ በላቸው ፈረሱን ተደግፈው ቆሙ፤ ሊያናግሩኝ አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፅ አልወጣቸውም። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ድርቆሽ ድርቆሽ፣ ከሰል ከሰል ይሸታል።

ሲነጋ እናቴ ተርፋለች ተባለ። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ አልተረፈም። ሴቶቹ መጥተው መሬት ሳሙ፤ «ማርያም ማረቻት» አሉ። እኔ፣ «ሕፃኑንስ?» አልኩ። አንዷ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ወደ ጋሼ በላቸው ሄጄ፣ «ማርያም ሰማችዎት?» አልኳቸው።

በተዘጋ ድምፃቸው፣ «እሷን እንጃ፤ እናትሽ ግን ሰምታለች» አሉኝ።

እናቴ ድና ስትመለስ የጠላ እንስራ አሸክማ ወደ መጋዘኑ በር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት፤ አልመለሰችኝም። «ጋሼ በላቸው፣ ይመኑ አይመኑ አልጠይቅዎትም» አለቻቸው። «ያን ዕለት ግን ዝም ቢሉ ኖሮ ሄጄ ነበር። የሴቶቹ ድምፅ ሲጠፋ ቀለለኝ፤ መተው አማረኝ። እርስዎ ሲጠሩ ግን ደግሞ ይሄ ሰውዬ ካልመለስኩለት አይተወኝም አልኩ።» ጋሼ በላቸው ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ሁለት ብቻ እንደቀረ ያን ቀን አየሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ ብሎ ጠበቃቸው። አልሄዱም። ደወሉ ሲሰማም እንደ ወትሮው ፍማቸውን ይቆሰቁሳሉ። «የዚያን ዕለት ታዲያ ማንን ነበር የሚጠሩት?» ብሎ ተሸካሚው ሲተርባቸው፣ «አስካለን ነዋ፤ በራሷ ስም ብጠራት መች ትሰማኛለች፤ ከኔ ጋር ተጣልታ የለ» አሉት።

ያቋረጡትን ተረት የጨረሱልኝ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። «ሚስትየዋ አበድክ ካለችው በኋላስ?» አልኳቸው። አንድ ማታ ጉም ገደሉን ሞልቶ ሳለ ሰውየው እንደ ልማዱ ወጥቶ፣ አለህ ወይ ይላል፤ ብዙ ቆይቶ አንድ መንገደኛ በአፋፉ እየዳኸ ወጣና እግሩ ላይ ወደቀ። መውጫው ጠፍቶኝ ድምፅህን ተከትዬ ወጣሁ አለው። ሰውየው፣ «እኔ የጠራሁት አንተን አልነበረም» አለ። መንገደኛውም፣ «ዐውቃለሁ» አለው። ተረቱ ይኸው ነው። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና የከነከነኝ ሌላ ነበር። «ወንድምየውስ?» አልኳቸው። ጋሼ በላቸው ፍሙን በአመድ አለበሱ። «እሱማ ሞቷል» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር አልሸሽግም፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እናቴ በሕይወት ነበረች፤ ጆሮ ነበራት። ደምሴ ከአፈር በታች ነው። ለእሱ ብጠራ «እ» የሚለኝ የለም። ጋሼ በላቸውም ለሚስታቸውና ለልጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ምን ይሉ እንደነበር ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

የደምሴ እናት ከቀብሩ ጀምሮ እኔ ዘንድ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ቀን ቀን ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰዉ «ነፍስ ይማር» ሲል እያንዳንዱን ድምፅ እየለዩ «አሜን» ይላሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። ምንም አይጠይቁኝም። ትናንት ማታ ግን፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያንቺን ድምፅ አልሰማሁትም» አሉኝ። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁና፣ እንዲሰሙኝ ያህል ጮክ ብዬ፣ በክርስትና ስሙ ጠርቼ ነፍሱን ይማረው አልኩ። ከላይ የሰማኝ ይኑር አይኑር አላውቅም። እሳቸው «አሜን» አሉና ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እናንተም የምታነቡ፣ የምታምኑ ከሆነ በምታምኑት ጸልዩለት። እንደኔ የሚቸግራችሁም ብትሆኑ ዝም አትበሉ፤ ሰው በሚሰማበት ቦታ ስሙን ጥሩት። የክርስትና ስሙ ወልደ ሩፋኤል ነው።